ማጅራቱ እስኪገተር አትጠብቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ጋዜጣችሁን ጠዋት ከአዟሪው እገዛና ማሽኑ እስኪሞቅ አነባለሁ። ብዙ ዓመቴ ነው፤ ጽፌላችሁ ግን አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ማጅራት ገትር ነው። ስለ ሕፃናት አይደለም፣ ስለነሱ በየጤና ጣቢያው ይነገራል። እኔ የማወራው ስለ ጎረምሶቹና ስለ ኮረዶቹ ነው፤ ከ13 እስከ 19 ስላሉት፣ በር ዘግተው ስለሚተኙት፣ "ምን ሆንክ?" ሲባሉ "ምንም" ስለሚሉት።

የበሽታው ስም አሳስቶናል። ቢያንስ እኔን አሳስቶኛል። "ማጅራት ገትር" ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው አንገቱ እንደ እንጨት የደረቀ በሽተኛ ነው። ስለዚህ አንገቱን እንነካካለን፣ ከታጠፈ እፎይ እንላለን። አንገት ግን ብዙ ጊዜ የሚገተረው ዘግይቶ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ይህን የተማርኩት በልጄ ነው።

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ልጄ ያኔ 16 ዓመቱ ነበር። ማክሰኞ 9 ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት መጣና ቦርሳውን በሩ ላይ ጥሎ "እግሬን ቆረጣጠመኝ" አለኝ። ሰኞ ኳስ ተጫውቷል። "ኳሱ ነዋ" አልኩት። መክሰስ አልፈልግም አለ። ይህም አልገረመኝም፣ የዚህ ዕድሜ ልጅ አንድ ቀን ድስቱን ይጨርሳል፣ አንድ ቀን አፉ አይደርስም። ማታ 4 ሰዓት ሲሆን ብርድ ብርድ አለው። ብርድ ልብስ ደረብኩለት፣ በላዩ ጋቢ ጨመርኩ፣ አሁንም ጥርሱ ይንገጫገጫል። ግንባሩ እሳት ነው። እጁን ስይዘው ግን በረዶ። እግሩን ስዳስስ እሱም በረዶ። ካልሲ አለበስኩትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያሸሁ አመሸሁ። ራሱ የሚነድ ልጅ እጁ ለምን ይቀዘቅዛል ብዬ አልጠየቅኩም።

ጎረቤታችን እማማ መጥተው አዩትና "ምች ነው የመታው" አሉ። እውነትም ሰሞኑን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ከግቢያቸው ዳማከሴ ቀንጥሰው መጡ፣ በመዳፋቸው ጨምቀው ግንባሩንና ክንዱን ቀቡት፣ ትንሽ ጠብ አድርገው ከቡና ጋር አጠጡት። እማማን አልወቅሳቸውም። እኔም ያደግኩት በዚያው ነው፣ የዳማከሴ ሽታ ራሱ ልብ ያሳርፋል። ጥፋቱ "ምች ነው" ብለን ስም ካወጣንለት በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ ማቆማችን ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሰፈር ውስጥ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። ደም ሰጠ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን፣ ወረቀቱ መጣ። "ታይፎይድም ታይፈስም አለበት" ተባልኩ። አዲስ አበባ ውስጥ አንዴም እንዲህ ያልተባለ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ከዚያ እኔው ራሴ ጠየቅኩ፣ "ማጅራት ገትር እንዳይሆን?" አልኩ። ሰውየው አንገቱን ይዞ ወደፊት ጎንበስ፣ ቀና አደረገው። ታጠፈ። "አይደለም እናቴ፣ አንገቱ ደህና ነው" አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የሚዋጥ መድኃኒት ይዘን ወደ ቤት ተመለስን።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና፣ ስለዚያች ወረቀት በኋላ ሐኪሞች የነገሩኝን ልንገራችሁ። በየክሊኒኩ ለታይፎይድ የሚደረገው ፈጣኑ የደም ምርመራ ዊዳል ይባላል። የሚያየው ራሱን ጀርሙን አይደለም፣ ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል ያዘጋጀውን ነገር ነው። ያ ደግሞ ከድሮ ሕመም ሊቀር ይችላል፣ በሌላ ኢንፌክሽንም ሊነሳ ይችላል። እንደኛ አገር ታይፎይድ ባለበት ቦታ ጤነኛ ሰው ላይም "አለ" ሊል ይችላል። ለታይፈስ የሚደረገውም ቢሆን እንደዚሁ የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ወረቀቱ "ታይፎይድ" አለ ማለት ሌላው በሽታ የለም ማለት አይደለም። ወባም እንደዚሁ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ወባ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ቆላ ደርሶ የመጣውን ነው፤ ከፒያሳ ወጥቶ የማያውቅን ልጅ ትኩሳት በግምት "ወባ ይሆናል" ማለት ጊዜ ማባከን ነው።

ወደ ልጄ ልመለስ። መድኃኒቱን ዋጠ፣ መልሶ አስታወከው። ደግሜ ሰጠሁት፣ አሁንም አስታወከ። ከሰዓት በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። "መጋረጃውን ዝጊው" አለኝ። ዘጋሁት። "በደንብ ዝጊው!" ብሎ ጮኸብኝ። ጮኾብኝ አያውቅም። ታናሽ እህቱ ውኃ ይዛለት ስትገባ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ስድብ ሰደባት፤ እያለቀሰች ወጣች። እኔ ምን አሰብኩ? አኩርፏል አልኩ። ፈተና ደርሶበት ተጨንቋል አልኩ። በዚያ ላይ ስልኩን ከእጁ አልለቀቀም ነበር፤ ስልክ የሚነካካ ልጅ ብዙም አልታመመም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ያዳነው ግን ያ ስልክ ነው። ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የክፍሉ ልጅ ደወለልኝ። "ማዘር፣ ይቅርታ፣ እሱ ደህና ነው? በቴሌግራም የሚጽፍልኝ ነገር አይገባኝም፣ ፊደሉ ሁሉ ተምታቷል፣ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር ግን አይመስለኝም" አለኝ። ሮጬ ገባሁ። "ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?" አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ በእናቴ ስም ጠራኝ። እናቴ ከሞተች 6 ዓመቷ ነው።

ግቢያችን ውስጥ የተከራየች የነርስ ተማሪ አለች። ጠራኋት። ኮቷን እንኳን ሳታወልቅ ገባች፣ "አገጭህን ደረትህ ላይ አድርስ" አለችው። ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ፣ አቃሰተ፣ ጉልበቱን ሰበሰበ። ጠዋት የታጠፈው አንገት ማታ አልታጠፍ አለ ማለት ነው። ከዚያ የስልኳን መብራት አበራች፤ የታችኛውን የዓይን ቆቡን ገልበጥ አደረገች፣ መዳፉን ዘርግታ አየች፣ ካልሲውን አውልቃ የእግሩን መርገጫ አየች። ውስጥ እግሩ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ቀያይ ነጥቦች ነበሩ፣ አንዳንዷ ወደ ሐምራዊ የሄደች። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ያንን እግር አሽቻለሁ፤ ያኔ ይኑር አይኑር አላውቅም፣ ገልብጬ አላየሁትማ። የሻይ ብርጭቆ አምጪ አለችኝ። ብርጭቆውን ነጥቦቹ ላይ ጫን አድርጋ በመስታወቱ አሳየችኝ። ሌላ ሽፍታ ሲጫን ይደበዝዛል፣ ይህ አልደበዘዘም። "እትዬ፣ አሁኑኑ" አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ራይድ ጠራን። ሆስፒታል ስንደርስ 3 ሰዓት ሆኗል። እግሩን ካመመው 30 ሰዓት ማለት ነው።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የገጠመኝን በዝርዝር የምጽፈው ብዙ ቤተሰብ እዚያ ላይ ስለሚሳሳት ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት። ገና እያየችው መርፌ አዘዘች፣ ሴፍትሪያክሶን የሚሉት በደም ሥር ገባ። ከዚያ "ከጀርባው ፈሳሽ መውሰድ አለብን፣ ፈርሚ" አለችኝ። እኔ እምቢ አልኩ። ለምን? ስለሰማሁ። "ከጀርባ ውኃ ከተቀዳ ሽባ ያደርጋል" ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት። አንድ ዘመዳችንም ተቀድቶለት ሞቷል ይባላል። አሁን ሳስበው ዘመዳችንን የገደለው በሽታው ነው እንጂ መርፌው አይደለም፤ ሰው ወደ መርፌው የሚደርሰው በጣም ከደከመ በኋላ ስለሆነ ነው ሁለቱ የተያያዙት።

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። ጀርባዬን በጣቷ እየነካች አሳየችኝ። "ሕብለ ሰረሰሩ የሚያልቀው እዚህ ነው፣ ከወገብ ከፍ ብሎ። እኛ የምንወጋው እዚህ ነው፣ ከሱ በታች። መርፌው የሚገባው ፈሳሹ ውስጥ ነው።" ፈሳሹ በአዋቂ ሰው ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፣ ሰውነት ደግሞ በቀን ወደ 500 ሚሊ ሊትር እየሠራ ይተካዋል። የሚቀዳው ጥቂት ጠብታ ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳን አይሞላም ይሆናል። ፈረምኩ። ፈሳሹን በትንሿ ብልቃጥ ውስጥ አየሁት። ጤነኛ ሰው ላይ እንደ ንጹሕ ውኃ ነው የሚጠራው። የልጄ የሩዝ ውኃ ይመስል ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ሐኪም ከጀርባ ፈሳሽ ልውሰድ ሲላችሁ ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁ፣ ግን በወሬ እምቢ አትበሉ። የትኛው ጀርም እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው፣ ለስንት ቀን መሰጠት እንዳለበት የሚታወቀው በሱ ነው። ሌላም አለ። ከሰፈር ፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ሁለት ሦስት ቀን እየዋጡ መቆየት በሽታውን አያድንም፣ ምርመራውን ግን ያደበዝዛል። በሽታው በከፊል ተደብቆ ይቀመጥና ሐኪሙን ያወናብዳል።

አሁን ምልክቶቹን በኔ አነጋገር ልንገራችሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን ያወቅኩት ሆስፒታል ውስጥ በከረምኩባቸው 12 ቀናት ነርሱንም ሐኪሙንም ስጨቀጭቅ፣ ከዚያም በኋላ ሳነብ ነው።

ማጅራት ገትር ማለት አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሸፈነው ስስ ሽፋን ሲቆጣ ነው። ቫይረስ ሊያመጣው ይችላል፣ ያ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል። ባክቴሪያ ሲያመጣው ግን የሰዓታት ጉዳይ ነው። ቲቢም ያመጣዋል፣ እሱ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ለሳምንታት ራሱን እያመመው፣ እየከሳ፣ ማታ ማታ እያተኮሰው ይቆያል። ስለዚህ በአንድ ቀን ስላልጣለው ብቻ "አይደለም" ማለት አይቻልም።

ሁሉም የሚያውቃቸው ምልክቶች ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ የአንገት መድረቅ፣ ብርሃን ማስጠላት፣ መቃዠት፣ ማንቀጥቀጥ ናቸው። ከነሱ በፊት የሚመጡትን ግን ማንም አልነገረኝም። የእንግሊዝ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ። ሜኒንጎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የያዛቸውን 448 ልጆች፣ ከ16 ዓመት ያልበለጡትን፣ ሕመማቸው ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ እንዴት እንደሄደ ከወላጆችና ከሕክምና መዝገብ አጣርተው ጻፉ። የእግር ሕመም፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ የቆዳ መገርጣት ቀድመው የመጡት ነበሩ፤ አማካዩ 8ኛው ሰዓት ላይ። ነጠብጣቡ፣ የአንገት መድረቁና መቃዠቱ የታዩት ግን ከ13ኛው እስከ 22ኛው ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ልጆቹ ሆስፒታል የተኙት ደግሞ በአማካይ 19ኛው ሰዓት ላይ ነው። ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። እግሬን ቆረጣጠመኝ ብሎኝ ነበር እኮ። በረዶ የሆነ እጁን ይዤ አምሽቻለሁ።

በርግጥ እግሩን ያመመው ልጅ ሁሉ ማጅራት ገትር ይዞታል ማለት አይደለም። ብዙው ኳስ ነው፣ ብዙው ጉንፋን ነው። ግን ትኩሳት እያለ እጅና እግር ከቀዘቀዘ፣ እግሩን አላስቆም ካለው፣ ራስ ምታቱ "እንደዚህ አሞኝ አያውቅም" የሚያሰኝ ከሆነ፣ ጠባዩ ከተለወጠ፣ አትተኙ። በየሰዓቱ እዩት። ቀሰቅሱት፣ አናግሩት፣ ቀኑን ጠይቁት። ማታ ነው ብላችሁ ለነገ አታሳድሩት። መኪና ካጣችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 አለ፣ 939 ላይም መደወል ይቻላል። ነጠብጣብ ካያችሁ ደግሞ ብርጭቆውን ጫን አድርጉበት፤ በኛ ቆዳ ላይ ቶሎ ስለማይታይ መዳፍ፣ የእግር መርገጫ፣ የዓይን ቆብ ውስጡንና ላንቃውን ነው ማየት። ነጠብጣቡ የለም ብላችሁ ግን አትዘናጉ፤ ሳይወጣበት የሚገድለውም አለ።

ጎረምሳ ላይ ለምን ይከብዳል? ሕፃን ያለቅሳል፣ እናት ቀኑን ሙሉ አቅፋዋለች። ጎረምሳ ክፍሉ ውስጥ ነው። ሲተኛ "እንቅልፋም" እንለዋለን። ሲነጫነጭ "ዕድሜው ነው" እንላለን። ሲወላገድ ደግሞ "ጠጥቷል"፣ "ቅሟል" ብለን እንቆጣለን። ሲቃዥ "ለክፎታል" ብሎ በመጀመሪያ ወደ ፀበል የሚወስድም አለ። ፀበሉን የሚከለክል የለም፤ እኔም ከሆስፒታል ስንወጣ ወስጄዋለሁ። መርፌው ግን ቀድሞ ይግባ።

አንድ ነገር ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ሜኒንጎኮከስ የሚሉት ባክቴሪያ የሚኖረው ጉሮሮና አፍንጫ ውስጥ ነው። ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ሳያመው ተሸክሞት ሊዞር ይችላል። የሚተላለፈው ተጠጋግቶ በመዋል፣ በሳል፣ በማስነጠስ፣ በመሳሳም ነው። ወጣቶች ደግሞ የሚኖሩት ተጠጋግተው ነው። አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት፣ ዶርም ውስጥ ተደራርበው፣ አንዷን ሃይላንድ ለአምስት። ታክሲውን አስቡት። በጋ ነው፣ አቧራ ነው፣ ሚኒባሱ ጢም ብሏል፣ ከኋላ አንዱ መስኮት ሲከፍት "ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል!" ይላል ሁሉም። ክፈቱት። ነፋሱ አይገድልም።

በሌላ በኩል ከመጠን ያለፈ ፍርሃትም አየሁ። ከሆስፒታል ስንመለስ ፍራሹን አቃጥዪ ያሉኝ ነበሩ። ልጆቻቸውን ከኛ በር ያራቁ ነበሩ። ሱቄም ሰው ለተወሰነ ጊዜ ቀነሰ። ያ ባክቴሪያ ከሰው አካል ውጭ ብዙ አይቆይም፣ በፍራሽና በብርድ ልብስ አይተላለፍም፣ መድኃኒት የጀመረ በሽተኛ ደግሞ ከ24 ሰዓት በኋላ አያስተላልፍም። አደጋው በሽተኛው ከመታከሙ በፊት አብረውት ለነበሩት ነው። ለዚያም ነው እኔንና ታናሽ እህቱን፣ ክፍል ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጡትንም ጭምር፣ ጤና ባለሙያዎቹ መከላከያ መድኃኒት እንድንወስድ ያደረጉን። ከተጋለጡ በኋላ ሕመሙ የሚወጣው ከ2 እስከ 10 ቀን ውስጥ ነውና በቶሎ መውሰድ ነው የሚጠቅመው። ራሳችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ሳይሆን እነሱ ሲያዟችሁ።

"ተከትቦ የለም እንዴ?" ያሉኝ ብዙ ናቸው። የሕፃንነት ክትባቱን ጨርሷል፣ ቢጫዋ ካርድ አለችኝ። ግን አንድ ክትባት ሁሉንም አይከላከልም። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ እስከኛ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት፣ 26 አገር ያለበት። በፈረንጆቹ 1981 እዚህ አገር ወደ 50 ሺህ ሰው ታሞ 990 ሞቷል፣ በ1989 ደግሞ ከ45 ሺህ በላይ ታሞ ወደ 1,700 ሰው ሞቷል። ያንን ያመጣው በብዛት ኤ የሚባለው የሜኒንጎኮከስ ዓይነት ነበር። ለሱ ተብሎ የተሠራው ክትባት በፈረንጆቹ 2010 ቡርኪና ፋሶ ጀመረ፤ እኛ ጋ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በሦስት ዙር ተሰጠ፣ ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉት ሁሉ። እስከ 29 መባሉ በከንቱ አይደለም፤ ወረርሽኙ የሚያጭደው ወጣቱን ነበራ። ኤ ከዚያ በኋላ ከቀበቶው ጠፋ ማለት ይቻላል፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ አልታየም። ትልቅ ሥራ ነው፣ ሊመሰገን ይገባል። ግን ሲ፣ ደብልዩ፣ ኤክስ የሚባሉት አሁንም አሉ፤ ኒሞኮከስ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያም አለ። የኒሞኮከስ ክትባት እዚህ አገር ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱት፣ ዛሬ ጎረምሳ የሆኑት፣ አላገኙትም። አምስት ዓይነቱን በአንድ የሚከላከል አዲስ ክትባት ናይጄሪያ በ2024 እ.ኤ.አ. መስጠት ጀምራለች። የእኛስ ልጆች መቼ ያገኙታል? ጋዜጣችሁ ይህን ጠይቆ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በባክቴሪያ ማጅራት ገትር ከሚያዙ 6 ሰዎች አንዱ ይሞታል፣ ከ5 አንዱ ደግሞ ከባድ ጉዳት ይዞ ይቀራል። የኔ ልጅ ተርፎ ጉዳት ከያዘው ጎን ነው። የግራ ጆሮው አይሰማም። ይህንንም ያወቅነው ዘግይተን ነው። ከሆስፒታል በወጣን በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ወደ ግራ ጆሮው አድርጎ "ሃሎ፣ ሃሎ፣ አትሰማም እንዴ?" እያለ ሲጮህ ሰማሁት። ወደ ቀኝ አዞረው፣ ሰማ። ቆሞ ስልኩን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። የመስማት ችግር ከዚህ በሽታ በኋላ በብዛት ከሚቀሩት ጉዳቶች አንዱ ነው፤ እንደተሻለው ወዲያው ጆሮው መመርመር አለበት፣ ማንም ባይነግራችሁም እናንተ ጠይቁ። ባንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ መለየት ያቅተዋል። አራት ኪሎ አደባባዩ ጋ መንገድ ሲሻገር አሁን በግራው እሄዳለሁ። መኪናው ክላክስ ሲያደርግ ወዴት እንደሚዞር ስለማያውቅ ነው።

ለትምህርት ቤቶች የምለው አለኝ። ልጄ ማክሰኞ ዕለት ከእረፍት በኋላ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ዴስክ ላይ ተኝቶ እንደነበር ጓደኛው ነግሮኛል። አስተማሪው ሰነፈ ብሎ አልፎታል። የማንም ስም አልጠራም፣ እኔም ቤት ውስጥ ያንኑ አድርጌያለሁ። ግን ዴስክ ላይ የተኛ ልጅ ግንባሩ ይነካ። ቤተሰብ ይደወልለት። ከሁሉም በላይ ለልጆቹ ለራሳቸው ይነገራቸው። አንዱ የሌላውን መለወጥ ቀድሞ የሚያውቀው ጓደኛ ነው። እናት ያላየችውን በተምታታ ፊደል ያየው ያ ልጅ ነው። በሚኒ ሚዲያ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ጓደኛችሁ ካተኮሰው፣ ራሱን ካመመው፣ የሚያወራው ካልገባችሁ ብቻውን አትተዉት፣ ለአዋቂ ንገሩ፣ ቀልድ ይሆናል ብላችሁ አትፈሩ።

እኔ በበኩሌ ምልክቶቹን በአንድ ገጽ አስፍሬ ሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ተማሪዎች ኖት ሊያስኮፒ ሲመጡ አንድ አንድ ቅጂ በነፃ እሰጣለሁ። እናንተም ታኅሣሥ ሳይገባ፣ አቧራው ሳይነሳ፣ በጋዜጣችሁ አንድ ጥግ ላይ ብታወጡት ብዙ ቤት ይደርሳል። ወረቀቷን ስሠራ መጀመሪያ ላይ በትልቁ "የአንገት መድረቅ" ብዬ ነበር የጻፍኩት። ልጄ አይቶ ሰረዘው፣ ወደ ታች አወረደው። ከላይ ምን እናድርግ አልኩት። ትንሽ አሰበና "መብራቱ ነው መጀመሪያ ያስጠላኝ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ እግሬ። እሱን ከላይ አድርጊው" አለኝ። አሁን የተለጠፈችው እንደዚያ ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአራት ኪሎ